ምዕራፍ 7፦ ጉልበት ስም ሲያገኝ

ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ ሰብል ነው። ቅጠሉ መርገፍ፣ ግንዱ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ገበሬው እንቅልፍ ያጣል። የታችኛው ፍሬ ደርቆ አፉን ከከፈተ ዘሩ ጥቁሩ ዋልካ ላይ ይረግፋል፤ የረገፈ ሰሊጥ ደግሞ አይለቀምም። ስለዚህ ፍሬው ሳይከፈት ይታጨዳል፣ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹም እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ። የቆመውን ክምር በመተማና በሑመራ «ሂላ» ይሉታል። ሂላው ፀሐይ ጠግቦ ሲደርቅ ሸራ ይነጠፋል፤ ነዶው አንድ በአንድ ተዘቅዝቆ ይራገፋል። ይህ ሁሉ በአብዛኛው በማጭድና በሰው እጅ የሚሠራ ነው። ሥራው ማለቅ ያለበት ደግሞ ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ነው።

በእነዚያ ሳምንታት ፋሽጋና አካባቢው ሰው ይጠራል። ፋሽጋ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ላይ ያለ፣ ወንዞች ስማቸውን የሚለውጡበት አገር ነው። በሱዳን በኩል ተከዜ ሰቲት፣ ጓንግ አትባራ፣ አንገረብ ባሕር ሰላም ይባላሉ። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የወሰን ውል ተፈረመ፤ በዓመቱ ሜጀር ጉዊን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ወሰኑን መሬት ላይ አሰመረ። ያ መስመር እስከ ዛሬ ያጨቃጭቃል። ሰሊጡ ግን ወሰን አያውቅም። ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ ደጋ የሚወርደው ወጣት፣ ከዳርፉርና ከኑባ ተራሮች የሚመጣው ሱዳናዊ በአንድ ዓይነት ዋልካ ላይ፣ በአንድ ዓይነት ማጭድ ጎንበስ ይላል።

ደጋ ትቶ ቆላ የከረመውን፣ ከአንዱ እርሻ ወደ ሌላው እየዞረ በጉልበቱ የሚያድረውን ሰው በእኛ በኩል «ሳሉግ» ይሉታል። በሱዳን በኩል «ጃንጎ» ነው። ሁለቱም ከግራር ሥር ያድራሉ። ሁለቱንም በሌሊት የአሸዋ ዝንብ ነክሳ ካላዛር ታስይዛቸዋለች። ስለ ሁለቱም ብዙ ወረቀት ተጽፏል፤ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንት ሄክታር እንደታጨደ፣ ስንት ኩንታል የሱዳኗ ገዳሪፍ ጨረታ እንደደረሰ፣ ስንት ሰው እንደታመመ። ባለ እርሻውም «ዘንድሮ ጉልበት ጠፋ» ወይም «ጉልበት ተገኘ» ይላል። ሰው አይልም፤ ጉልበት ነው የሚለው።

ይህ ምዕራፍ ሥነ ጽሑፍ በሰው አእምሮና በኅብረተሰብ ላይ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያስረዳል። ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከፓሪስ ወይም ከሞስኮ ማምጣት ይቻል ነበር። እኔ ግን ከሰሊጥ ማሳ መጀመርን መርጫለሁ። የሥነ ጽሑፍ ትልቁ ሥራ ጉልበት ተብሎ የተቆጠረውን ሰው በስሙ መጥራት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህም እንዴት እንደሚሆን ከፋሽጋ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላገኘሁም።

የምድር ምስማሮች

አብዱልአዚዝ በረከ ሳኪን በ1963 እ.ኤ.አ. ከሰላ ተወለደ፤ ረጅም ዘመን የኖረው በኻሽም ኤል ጊርባ ነው። ኻሽም ኤል ጊርባ የአትባራ ወንዝ ግድብ ያለባት ከተማ ናት፤ እዚያ የሚጠራቀመው ውኃ ከእኛ ጓንግና ተከዜ የሚወርድ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጃንጎ፦ የምድር ምስማሮች» ይሆናል። ምስማር የሚለው ቃል በዓረብኛውም በአማርኛውም አንድ መሆኑ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። ምስማር ከተመታ በኋላ አይታይም፤ ቤቱን ይዞ የሚያቆመው ግን እሱ ነው።

ልብ ወለዱ የተቀመጠው በዚሁ በምሥራቅ ሱዳን፣ በኢትዮጵያ ድንበር አጠገብ ባለች «አልሂላ» በምትባል መንደር ነው። በዓረብኛ ሂላ ማለት መንደር ነው። የእኛ ሠራተኛ ሂላ ሲል የቆመ የሰሊጥ ክምር ይታየዋል፤ የወዲያኛው ሂላ ሲል ሰው የተጠለለበት ሰፈር ይታየዋል። በዚያች መንደር «የእናት ቤት» የሚባል አለ። መጠጥም፣ መኝታም፣ ወሬም፣ ፍቅርም የሚገኝበት፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የተሻገሩ ሴቶች የሚኖሩበት ቤት ነው። ወድ አሙና የሚባል ገጸ ባሕርይ አለ፤ ልጅነቱን ያሳለፈው ከታሰረች እናቱ ጋር በእስር ቤት ውስጥ ነው። የጃንጎዎቹ ስም እንኳ ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። ሰሊጥና ማሽላ ሲያጭዱ ጃንጎ፣ ሸንኮራ ሲቆርጡ ካታኮ፣ ዛፍ መንጥረው ከሰል ሲያከስሉ ፈሓሚን ይባላሉ። አገሩ እንደ ሥራቸው እንጂ እንደ ማንነታቸው አይጠራቸውም። ከዚያ ባንክ ወደ መንደሯ ይመጣል፤ ለባለ ትልልቅ እርሻዎች ያበድራል፣ ምድሩን ይዘው ላቆሙት ምስማሮች ግን በሩን ይዘጋል። ጃንጎዎቹም ዝም አይሉም።

መጽሐፉ በዚያው በ2009 እ.ኤ.አ. በኦምዱርማን የአብደል ከሪም ሚርጋኒ የባህል ማዕከል የሚሰጠውን፣ በታላቁ ሱዳናዊ ደራሲ በጠይብ ሳሊሕ ስም የተሰየመውን ሽልማት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የሱዳን መንግሥት አገደው፤ የሕዝብን ግብረ ገብ ይነካል ተባለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደራሲው አገሩን ለቆ ኦስትሪያ ገባ። መጽሐፉ ግን አልተሰደደም። በአገሩ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ መነበቡን ቀጠለ። በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ተተረጎመ፤ የፈረንሳይኛው ትርጉም በ2020 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የዓረብ ሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ተቀበለ።

ይህ ታሪክ ከዓለም ጋር ሲተያይ እንግዳ አይደለም። በ1939 እ.ኤ.አ. ጆን ስታይንቤክ በድርቅና በባንክ ዕዳ ከመሬታቸው ተፈናቅለው ወደ ካሊፎርኒያ ፍራፍሬ ለቀማ ስለተሰደዱ የአሜሪካ ገበሬዎች «የቁጣ ወይኖች» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። ታሪኩ ከሚያልፍባቸው የካሊፎርኒያ አካባቢዎች አንዱ የሆነው የከርን አውራጃ ምክር ቤት መጽሐፉን ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱና ከትምህርት ቤቶቹ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ1941 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱም መጽሐፎች ስለ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ ናቸው፤ ሁለቱም በታሪኩ አገር ታገዱ። ስለ ሠራተኛው ድህነት የሚናገር የመንግሥት ሰነድ በሁለቱም አገሮች ነበር፤ ሰነዱን ማንም አላገደውም። ታዲያ ልብ ወለዱን ለምን ፈሩት?

አዋጅና ልብ ወለድ

መልሱን ለማግኘት በዚሁ ድንበር ላይ ያለፈ ሌላ ጽሑፍ እናስታውስ። በ1932 ዓ.ም. ክረምት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ከተሰደዱበት ከእንግሊዝ ተነሥተው ካርቱም ገቡ። በነሐሴ ኮሎኔል ሳንድፎርድ የመሩት ቡድን ከገዳሪፍ ደቡብ ካለችው ከዶካ ተነሥቶ ወደ ጎጃም ተሻገረ። ካርቱም ላይ ደግሞ ጆርጅ ስቲር የተባለ ጋዜጠኛ የነበረ መኮንን ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የጽሑፍ ዘመቻውን ያዘ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት አዋጅ እየታተመ በአውሮፕላን ተበተነ፤ «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣም ወጣ። ያ ወረቀት ሥራ ሠርቷል። ከጣሊያን ጋር የነበረ ባለ ጠመንጃ እንዲከዳ፣ በጫካ የነበረ አርበኛ ብቻውን እንዳልሆነ እንዲያውቅ አድርጓል።

አዋጅ ብዙዎችን በአንድ ስም ይጠራል፤ የኢትዮጵያ ሕዝብ ሆይ ይላል። ምን ማድረግ እንዳለብህ ይነግርሃል። ስትሰማው ትነሣለህ፤ ጊዜው ሲያልፍ አዋጁም ያልፋል። ሪፖርትም የአዋጅ ዘመድ ነው፤ ብዙዎችን በአንድ ቁጥር ይጠራል።

ልብ ወለድ አንዱን በስሙ ይጠራል። ምን አድርግ ብሎ አያዝህም። ይልቅ በዚያ ሰው ዓይን እንድታይ፣ በሆዱ እንድትራብ፣ በፍርሃቱ እንድትፈራ ያደርግሃል። አንባቢው መጽሐፉን ሲዘጋ ከራሱ ኑሮ ሌላ አንድ ኑሮ ኖሯል። በሚቀጥለው ቀን ማጭዱን ትከሻው ላይ ጥሎ በአውቶቡስ መናኸሪያ የተቀመጠ ወጣት ሲያይ ዓይኑ እንደ ትናንቱ አያልፈውም። እናቱ ማን ትሆን? ስንት ዓመቱ ይሆን? ስንት ተስማሙለት? ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ያ ጥያቄ ነው ባለ ሥልጣኑን ያስፈራው። ቁጥርን በሌላ ቁጥር መመለስ ይቻላል፤ ሠራተኛው በዛ ቢሉ ምርቱም በዛ ይባላል። ወድ አሙናን ግን በቁጥር መመለስ አይቻልም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ለመለካት ሞክረዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ኪድና ኢማኑኤሌ ካስታኖ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጥሩ ልብ ወለድ ለጥቂት ደቂቃ ያነበቡ ሰዎች የሌላውን ስሜት ከዓይኑ በመለየት ረገድ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ካነበቡት የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያው ውጤት አልወጣም። በ2018 እ.ኤ.አ. የ14 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ የመዘነ ሥራ ደግሞ ልብ ወለድ ማንበብ ሰውን የመረዳት ችሎታን ያሻሽላል፣ መጠኑ ግን ትንሽ ነው አለ።

ትንሽ መሆኑ ሊያሳዝነን አይገባም። አንድ ገጽ ሰውን አይለውጥም፤ አንድ ጠብታም ማሳ አያጠጣም። መጽሐፍ የሚሠራው በጥርቅም ነው፤ አንድ ሰው በዕድሜው በሚያነበው ብዛት፣ አንድ ማኅበረሰብ አብሮ ባነበበው ብዛት። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ከመጻሕፍት ዓለም

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ገበሬ ነበር፤ አብዛኛውም ማንበብ አይችልም ነበር። መጽሐፉ ስለ ገበሬው ነው፤ ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ባላባቱ፣ በመካከላቸው ስለቆመው ልማድ። በአበጀ በለው መሪነት ገበሬዎች በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ሲነሡ ያነበበ የከተማ ተማሪ፣ ገበሬ የሚያስብ፣ የሚያዝን፣ የሚመክር፣ እንቢ የሚል ሰው መሆኑን አየ። ስምንት ዓመት ቆይቶ የ1966 ዓ.ም. አብዮት ፈነዳ። አብዮቱን መጽሐፍ ወለደው ማለት አይቻልም፤ የነዳጅ ዋጋ፣ የወሎ ረሃብ፣ የጦሩ ብሶት አሉ። መሬት ለአራሹ ያለው ትውልድ ግን አራሹን በልቡ የሚያውቅበት አንድ መንገድ ይህ መጽሐፍ ነበር።

ስለ መጽሐፉ ኃይል ከሁሉ በላይ የሚነግረኝ ግን የአንድ ገጸ ባሕርይ ስም ነው። ዛሬ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንኳ እውነት ተናግሮ እብድ የተባለን ሰው «ጉዱ ካሳ» ይለዋል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን ሰው የምንጠራበት ስም አልነበረንም፤ ስም ስላልነበረንም ከእብድ ለይተን አናየውም ነበር። መጽሐፉ ስም ሰጠን፤ በስሙም መለየት ጀመርን።

ማንበብ ለማይችለው ይህን ያደረሰው ድምፅ ነበር። የኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ተረከው። ወጋየሁ ሲተርክ ፊታውራሪው ሌላ፣ ጉዱ ካሳ ሌላ፣ የፊታውራሪው ልጅ ሰብለ ሌላ ድምፅ ነበራቸው። አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ ትረካው ሲያልቅ ወሬው ይቀጥላል። ሰብለ እንዲህ ባታደርግ ምን ነበረበት ይባላል። እንደ ጎረቤት ልጅ ያዝኑላታል፣ ይቆጧታል። ሥነ ጽሑፍ ኅብረተሰብን ከፍ ያደርጋል የምንለው ይህን ነው። ሰዎች በማያውቁት ሰው ዕጣ ላይ ተቀምጠው ሲመክሩ፣ የራሳቸውን ልማድ ሳይፈሩ መመርመርን ይለምዳሉ። ስለ ሰብለ ጋብቻ የተከራከረች እናት የገዛ ልጇ ተራ ሲደርስ ያንን ክርክር ይዛ ትቀርባለች።

ፊደሉም ተከተለ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ፣ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልን ወደ ገጠር አወረዱት። ዘመኑ ብዙ ክፋት የተሠራበት ነው፤ የፊደሉ ጥቅም ግን ከዘመኑ በኋላም ዘለቀ። ዛሬ ሰሊጥ አጨዳ ከሚወርዱት ወጣቶች ውስጥ ብዙዎቹ ትምህርት ቤት የገቡ ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ በምዕራፉ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

ከሰቲት ማዶ

ኦምሐጀር ከሑመራ ማዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ ያለች የኤርትራ ከተማ ናት። ሱሌይማን አዶኒያ የተወለደው እዚያ፣ ከኤርትራዊት እናትና ከኢትዮጵያዊ አባት ነው። በ1976 እ.ኤ.አ. በኦምሐጀር ጭፍጨፋ ሲደርስ ገና ሕፃን ነበር፤ ቤተሰቡ ወደ ሱዳን ሸሽቶ በስደተኞች ካምፕ አደገ። በኋላ ጅዳ ኖረ፤ በ1990 እ.ኤ.አ. አሳዳጊ ሳይኖረው ከወንድሙ ጋር ለንደን ገባ። እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር።

በዚያ ቋንቋ ደራሲ ሆነ። በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሁለተኛ ልብ ወለዱ ርዕሱ «ዝምታ የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ነው» ማለት ነው። ታሪኩ በሱዳን የስደተኞች ካምፕ ውስጥ ነው። ሳባ ትምህርቷን ለመቀጠል የምትጓጓ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ሐጎስ መናገር አይችልም። ካምፑ እርዳታ የሚሰለፍበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ የሚዋደዱበት፣ የሚተማሙበት፣ የሚፈራረዱበት ከተማ ነው። ሳባ በስደት ላይ ሆናም የገዛ ሕዝቧ ልማድ ይዳኛታል። እኛ ስደተኛ ስንል ጆንያ የተሸከመች ሴት በዓይናችን ትመጣለች። ደራሲው ያችን ሴት ከጆንያው ሥር አውጥቶ ምን እንደምትመኝ ጠየቃት።

ይህ ለፋሽጋ አካባቢ ትልቅ ነገር ነው፤ ገዳሪፍ ለዘመናት የስደተኛ አገር ናትና። ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ዙሪያ ከኢትዮጵያ የሸሹ፣ ከእነሱም መካከል ወደ እስራኤል ለመሻገር ከጎንደር በእግራቸው የመጡ ቤተ እስራኤላውያን ያለቁበት የገዳሪፍ ካምፕ ነው። ያው ኡም ራኩባ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ጦርነት ለሸሹ የትግራይ ሰዎች ዳግም ተከፈተ፤ በዚያ ጦርነት ወደ ምሥራቅ ሱዳን የተሻገሩት ከ60 ሺህ በላይ ነበሩ። ከዚያ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ጉዞው ተገለበጠ። ሱዳናውያን በገላባትና በመተማ መካከል ያለችውን ትንሽ ድልድይ ወደ እኛ ተሻገሩ፤ በምዕራብ ጎንደር በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በአንድ ትውልድ ውስጥ አስተናጋጁ እንግዳ፣ እንግዳው አስተናጋጅ ሆነ። እንዲህ ባለ አገር የሌላውን ኑሮ ከውስጥ ማወቅ ቅንጦት አይደለም፤ ነገ የራስህ የሚሆነውን ኑሮ ማወቅ ነው።

አዶኒያ መጽሐፍ ጽፎ አላበቃም። በሚኖርበት በብራስልስ ለስደተኞችና ጥገኝነት ለሚጠይቁ ሰዎች የፈጠራ ጽሑፍ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የአስመራ–አዲስ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫልንም በስደት ምድር መሠረተ። ታሪኩ የተጻፈለት ሰው እንደሚድን አይቶ፣ ሌላውም የራሱን እንዲጽፍ ብዕር አቀበለ።

ያው ኃይል ሲመርዝ

እዚህ ላይ አንባቢዬን ማስጠንቀቅ አለብኝ። ጽሑፍ አእምሮን ይቀርጻል ስንል ወደ መልካም ብቻ አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. የሩዋንዳው ሚል ኮሊን ሬዲዮ ጎረቤትን በረሮ ብሎ ጠራ፤ አድማጩ ገጀራ አነሣ። እሱም ትረካ ነበር፤ ተናጋሪ፣ ቃና፣ ሙዚቃ ነበረው። በእኛም አገር ባለፉት ዓመታት ጎረቤትን በአንድ የጅምላ ስም የጠሩ ዘፈኖችና ጽሑፎች ከጥይት ቀድመው መንደር ሲደርሱ አይተናል። በፋሽጋ ጉዳይ እንኳ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የወሰኑ ክርክር ሲከርር ወዲህም ወዲያም የተጻፈው አብዛኛው ስለ መሬቱ ነው። መሬቱ የክብር ስም ተሰጠው፤ በላዩ የሚያጭደው ሰው የወራሪ ወይም የከዳተኛ ስም።

ታዲያ የሚያንጸውን ከሚመርዘው በምን እንለያለን? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። መጽሐፉን ስትዘጋው ስማቸውን የምታውቃቸው ሰዎች በዙ ወይስ ቀነሱ? መርዘኛ ትረካ ብዙ ሰዎችን ወደ አንድ ስም ይጨፈልቃቸዋል፤ ጠላት፣ ባዕድ፣ ጥገኛ ይላቸዋል። የሚያንጽ ትረካ አንዱን ስም ወደ ብዙ ሰዎች ይዘረዝረዋል። ሳኪን ጃንጎ የሚለውን አንድ ቃል ከፍቶ ወንድ፣ ሴት፣ ሽማግሌ፣ እስረኛ፣ ኢትዮጵያዊት፣ ዳርፉራዊ አወጣበት። ለአገሩ አንባቢ የኢትዮጵያ ሴት ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የምትታይ ጥላ ነበረች። እሱ ስም፣ ትዝታና ምኞት ሰጣት። አንድ ሱዳናዊ ይህን ካደረገልን፣ እኛ ስለ ዳርፉሩ አጫጅ፣ ኩመር ስለተጠለለችው የካርቱም መምህርት ያን ያህል ልንጽፍ ይገባል። ለጎረቤት የሚከፈል ብድር ነው።

ደብተር በጓዝ ውስጥ

አሁን ወደ ሰሊጡ ማሳ ልመለስ። እስካሁን የጠቀስኳቸው ደራሲዎች ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ገበሬው፣ ስለ ስደተኛው የጻፉ ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ገበሬውን ያውቁት ነበር፤ ከእሱ መንደር ወጥተዋልና። ሳኪን ከጃንጎዎቹ አጠገብ ኖሯል። አዶኒያ ካምፑ ውስጥ አድጓል። ለሠራተኛው እስካሁን ሌላ ሰው ሲጽፍለት የኖረው ራሱ መጻፍ ስለማይችል ነበር። ይህ ምክንያት ዛሬ የለም። ከስምንተኛ ወይም ከአሥረኛ ክፍል አቋርጦ ወደ መተማ የሚወርደው ልጅ ፊደል ያውቃል። ኪሱ ውስጥ ስልክ አለ። ማታ ከግራሩ ሥር ስለ ደሞዙ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ትኩሳቱ ለጓደኛው የሚነግረው ታሪክ ጆሮ እንጂ ችሎታ አላጣም።

ይህ እንዲሆን ብዙ አያስፈልግም። በጎንደር፣ በገንዳ ውኃና በመተማ ያሉ ትምህርት ቤቶች ተማሪውን ስለ አባይና ስለ አክሱም ድርሰት ሲያስጽፉት፣ በክረምት ያረመውን ሰሊጥ፣ የተሳፈረበትን አይሱዙ፣ ያልተመለሰውን ጓደኛውን እንዲጽፍም ቢጠይቁት ይበቃል። የአካባቢ ሬዲዮ ከሙዚቃው መካከል ሩብ ሰዓት ለትረካ ቢለቅ ይበቃል፤ ወጋየሁ ያስተማረን መንገድ አልጠፋም። አስተርጓሚ ሆኖ ድንበር ላይ የሚውል፣ ዓረብኛና አማርኛ እኩል የሚናገር ሰው በመተማ ሞልቷል። ለፍተሻና ለጨረታ የሚያገለግለው ያ ችሎታ «የምድር ምስማሮች»ን ለሳሉጉ በራሱ ቋንቋ ሊያስነብበው ይችላል።

መምህር ከሆንክ፣ ከእርሻ ሲመለስ ክፍል ዘግይቶ የሚገባውን ልጅ ስለ መቅረቱ ከመጠየቅህ በፊት የት እንደነበረ ጻፍልኝ በለው። ባለ እርሻ ከሆንሽ፣ የሠራተኞች ዝርዝር ስትይዢ ከቁጥሩ አጠገብ ሙሉ ስም ጻፊ፤ የአባቱንም ጨምሪ። እናት ከሆኑ፣ ልጅዎ ወደ ቆላ ሲወርድ ከሚቋጥሩለት በሶና ከሚያስይዙት አጎበር ጋር አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ይጨምሩለት። አጎበሩ ከዝንቡ ይጠብቀዋል። ደብተሩ ደግሞ ታሪኩን እንደ ሰሊጥ ዘር ዋልካው ላይ ከመርገፍ ይጠብቅለታል፤ በሽፋኑ ላይ የሚሰፍረው የመጀመሪያ ቃልም የራሱ ስም ይሆናል።